ከአቶ ደምሌ ጋር ስኳር ስንጠብቅ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰው አንተ አየነው፣ ምን ስትሠራ ኖርህ ብሎ ሲጠይቀኝ ስኳር ላይ ነበርሁ እላለሁ። ወዲያው ስለ በሽታው ያወሩልኛል። አንዱ ዳቦ እንዳልበላ ይመክረኛል፣ ሌላው የአክስቱን እግር ታሪክ ያመጣብኛል። እኔ ግን ጤነኛ ነኝ። የሥራ ዘመኔን የጨረስሁት መጋዘን ውስጥ ነው፤ የምጠብቀውም፣ የምመረምረውም፣ ሲበላሽ የምጠየቅበትም በየቤቱ በሻይ የሚጠጣው ተራ ስኳር ነበር።

ይህን ለመጻፍ ያስነሣኝ ንዴት ነው። የስንብት ዝግጅቴ ላይ አንድ ወጣት ኃላፊ ተነሥቶ፣ ድሮ መጋዘን በልማድ ይመራ እንደነበር፣ አሁን ግን የእርጥበት መለኪያ ተገዝቶ ሥራው ሳይንሳዊ እንደ ሆነ ተናገረ። እኔም ከሰው ጋር አጨበጨብሁ። ቤቴ ስገባ ግን ከነከነኝ። በልማድ ይመራ የተባለውን መጋዘን የመሩትን ሰው ስም ማንም አላነሣም፤ የሚያውቃቸው ስለሌለ ሊያነሣም አይችልም። ከእኔ በቀር የሚያስታውሳቸው ሰው ካለ እንጃ።

ተወልጄ ያደግሁት መራዊ አጠገብ ነው። ባሕር ዳር ኮሌጅ ገብቼ ጥቂት ኬሚስትሪ ተማርሁና፣ አብዮቱ ፈንድቶ ትምህርቱ ሲቋረጥ፣ ሸቀጥ የሚያከፋፍል አንድ የመንግሥት ድርጅት በጥራት ተቆጣጣሪነት ቀጠረኝ። ደመወዙ አንድ ወንደላጤ ያኖራል፤ ከዚያ በላይ የምለው የለኝም። መጀመሪያ የመደቡኝ እዚያው መራዊ፣ መንገድ ዳር ያለች አንዲት ጠባብ ማከፋፈያ ውስጥ ነው። አለቃዬ ከጠዋት እስከ ማታ ሲጣሉ የሚውሉ ሰው ነበሩ። ከእሳቸው የተማርሁት ነገር ቢኖር መጮኽ ብቻ ነው። ብዙም ሳልቆይ ወደ ባሕር ዳር ዋናው መጋዘን ተዛወርሁ። የመጋዘኑ ኃላፊ አቶ ደምሌ ነበሩ።

አቶ ደምሌ ያኔ ወደ ስልሳ ዓመት የተጠጉ፣ ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ፣ ክረምት ከበጋ ከካኪ ካፖርታቸው የማይለዩ ሰው ናቸው። አባታቸው ከሐይቁ ደሴቶች በአንዱ የሚያገለግሉ ቄስ ነበሩ። እሳቸውም ዜማ ጀምረው ትተውታል፤ ጆንያ ሲደረደር ግን ያችኑ የጀመሯትን ዜማ በአፍንጫቸው ያንጎራጉራሉ። ለረጅም ዘመን የአንድ ነጋዴ መጋዘን ሲጠብቁ ኖረው መንግሥት ሲወርሰው እዚያው ቀሩ። «እኔና ሚዛኑ አብረን ነው የተወረስነው» ይሉ ነበር፣ ሳይስቁ።

የመጀመሪያው ዕለት ዕውቀቴን ላሳያቸው ቸኮልሁ። ስኳር ከካርቦን፣ ከሃይድሮጂንና ከኦክስጂን የተሠራ መሆኑን፣ በማንኪያ አድርገው ቢያግሉት ቀልጦ፣ ወርቅማ ሆኖ፣ ኋላ ጠቁሮ ከሰሉ ብቻ እንደሚቀር፣ እየተነነ የሚሄደውም አብዛኛው ውሃ መሆኑን ዘረዘርሁላቸው። ሰው አቋርጠው አያውቁም፤ እኔንም እስክጨርስ ሰሙኝ። ከዚያ ውሃው ከውስጡ እንዴት እንደሚወጣ መማሬ ጥሩ መሆኑን ነግረውኝ፣ ከውጭ እንዴት እንደሚገባበት ደግሞ እሳቸው እንደሚያሳዩኝ ተናገሩ። እኔ የተማርሁበት መጽሐፍ ይህን በአንድ መስመር ነበር ያለፈው።

በመጋዘኑ በር ጉበን ላይ የበሬ ቆዳ ጠፍር ተንጠልጥሏል፤ ጫፉ ላይ ድንጋይ ታስሮበታል። አየሩ ሲደርቅ ጠፍሩ ይኮማተርና ድንጋዩን ወደ ላይ ይስበዋል። ሲረጥብ ይለሰልሳል፣ ይረዝማል፣ ድንጋዩም ዝቅ ይላል። ግድግዳው ላይ በከሰል የተሰመረች አንዲት መስመር ነበረች። ድንጋዩ ከዚያች መስመር ከወረደ አቶ ደምሌ የትኛውም አለቃ ቢመጣ በሩን አይከፍቱም። ረፋዱ ላይ ፀሐይ ጠንከር ስትል መስኮቶቹን ያስከፍታሉ፣ ከሰዓት በኋላ የሐይቁ ነፋስ ሲነሣ ያዘጋሉ። ጆንያው በእንጨት ርብራብ ላይ ነው የሚደረደረው፤ ከግድግዳውም ሰው በጎኑ ሾልኮ የሚያልፍበት ያህል ይርቃል። ሲሚንቶ ላይ የተቀመጠ ስኳር ከሥር ያልበዋል፣ ግድግዳ የነካውም እንደዚያው።

ጆንያውን በመዳፋቸው መታ አድርገው ያዳምጡ ነበር። ደረቅ ስኳር ውስጡ ፍስስ ይላል፤ ፍሬው በፍሬው ላይ ሲንሸራተት ይሰማል። እርጥበት የጀመረው ግን ድፍን ነው፣ ቢመቱት አይመልስም። ቀላ ያለውን ስኳር ከነጩ ይለዩታል። ቀላ ያለው ፍሬዎቹ ላይ ከሸንኮራው የቀረ ስስ ጭማቂ ስላለበት ቀድሞ ውሃ ይስባል፤ ስለዚህ እሱ መጀመሪያ ይወጣል፣ ነጩ ይቆያል። አንዴ የራሰ ስኳር ደግሞ ቢደርቅም እንደ ቀድሞው አይሆንም። ፍሬው ከፍሬው ተጣብቆ ድንጋይ ይሆናል፤ ያን ጊዜ በእንጨት ዱላ እየመታን እንፈረፍረዋለን።

መስኮት በሌላት የውስጠኛ ክፍል ይህን ስንሠራ አንድ ቀን ከዱላው ሥር ሰማያዊ ብልጭታ አየን። ጫኝና አውራጆቹ አማተቡ። የተማርሁት እኔም ወደ በሩ ነበር የሸሸሁት። አቶ ደምሌ ዱላውን ተቀብለው ራሳቸው መቱት፣ እንደገና ብልጭ አለ። እጃቸውን አስጠግተው ሙቀት እንደሌለው አሳዩንና ስኳር ሲሰበር እንዲህ እንደሚያደርግ ነግረውን ወደ ሥራችን መለሱን። ከዚያ በኋላ ሠራተኞቹ ወደዚያች ክፍል ለመግባት ይሻሙ ጀመር።

ይህ የማወራለት ዘመን ስኳር የጠፋበት ነበር። በቀበሌ ሱቅ በኩፖን ይታደላል፣ እሱም ሲመጣ። ሴቶች ዘንቢላቸውን ይዘው ከማለዳ ጀምረው ይሰለፋሉ፤ እኩሉ ባዶውን ይመለሳል። በእንዲህ ያለ ጊዜ የስኳር መጋዘን መጠበቅ ሰው ሁሉ እጅ እጅህን የሚያይበት ሥራ ነው። አቶ ደምሌ ጣፋጭ ይወዱ ነበር፤ ገበያ ላይ ሸንኮራ ካዩ ሳይገዙ አያልፉም። ሻይ ግን ያለ ስኳር ነበር የሚጠጡት። ሻይ ቤት ተቀምጠው ስኳር ቢያስጨምሩ የሚወራውን ያውቃሉ። ከሥራ ሲወጡም ዘበኛው ሳይጠይቃቸው የካፖርታቸውን ኪስ ገልብጠው፣ አራግፈው ነው። እኔንም አስለመዱኝ። መጀመሪያ እንደ ሌባ መቆጠር መስሎኝ ተቀይሜ ነበር። ዛሬ ሳስበው እንባዬ ይመጣል፤ ያ ሁሉ ጥንቃቄ አልረዳቸውምና።

ችግሩ የጀመረው መጋዘኑ ሲወሰድብን ነው። ደረቅ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ የተሠራ፣ ጥሩ ሕንፃ ነበር። ከበላይ ትእዛዝ መጣና ለሌላ ጉዳይ ተፈለገ፤ ለምን እንደ ሆነ አልተነገረንም፣ እኛም አልጠየቅንም። ስኳሩን ወደ ሐይቁ ዳር፣ ከጀልባ ማራገፊያው አጠገብ ወዳለ አሮጌ ቤት አስገቡት። የቤቱ በር አይገጥምም፣ መስኮቱ ላይ መዝጊያ የለም፣ ወለሉ በጠዋት ታጥቦ የተተወ ይመስላል። አቶ ደምሌ አለቆቻችን ዘንድ ሄደው ስኳር በዚያ ቤት ክረምትን እንደማይሻገር ተናገሩ። ትእዛዝ ትእዛዝ ነው ተባሉ። ጠፍራቸውን ይዘው መጥተው አዲሱ በር ላይ ሰቀሉት። ከሰኔ ማብቂያ ጀምሮ ድንጋዩ ወርዶ ቀረ።

አንድ ነገር ደግሞ እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። የእሳት አደጋ መከላከያ ደንብ ስላለ በየመጋዘኑ ውስጥ ውሃ የሞላ በርሜል ይቀመጥ ነበር። እኛም ቤት በሩ አጠገብ አንድ አለ። አቶ ደምሌ ባይወዱትም ደንብ ስለሆነ ከነክዳኑ አስቀምጠውታል።

በነሐሴ ስኳሩ አለቀሰ። የታችኞቹ ጆንያዎች ጠቆሩ፣ ወዝተው አተላ የመሰለ ሽሮፕ ወለሉ ላይ ሠሩ። ንብ ከየት እንደሚመጣ እንጃ፣ ቤቱን ሞላው። እኔና አቶ ደምሌ ከሠራተኞቹ ጋር ጆንያ ስናገላብጥ እንውላለን፣ ፀሐይ ብልጭ ያለች እንደ ሆነ እያወጣን እናሰጣለን፣ ዝናቡ ሲመጣ እየሮጥን እናስገባለን። በዚህ መሐል የማከፋፈያው ቀን ደረሰና እርጥቡ ስኳር ወደ ቀበሌዎቹ ወጣ። ለወራት ሲጠብቅ የኖረ ሕዝብ በላስቲክ የሚጨበጥ ጭቃ ተሰጠው። ስኳሩን ሰርቀው በውሃ ሞሉት የሚለው ወሬ ከዚያው ከሰልፉ ነው የተነሣው። እውነት ለመናገር እንዲህ የሚያደርጉ የመጋዘን ሰዎች ነበሩ፤ ስኳር አጠገብ ክፍት ውሃ አስቀምጠው በእርጥበቱ ሚዛን የሚያስነሡ፣ ክብደቱ የጨመረውን ያህል የሚሰርቁ። ወሬው መሬት ጠብ ያላለው ለዚህ ነው።

አጣሪ ኮሚቴ ወታደሮች አስከትሎ መጣ። ሊቀመንበሩ ጓድ ሲሳይ የሚባል፣ ዝግ ብሎ የሚናገር፣ ከእኔ ጥቂት የሚበልጥ ካድሬ ነበር። በሩን ከፍቶ ገና ሲገባ ዓይኑ በርሜሉ ላይ አረፈ። ክዳኑን አንሥቶ ወደ ውስጥ አየ፣ መልሶ ገጠመው። አቶ ደምሌን በኢኮኖሚ አሻጥር ከዚያው ይዘዋቸው ሄዱ። ካፖርታቸውን ሲለብሱ ከልማድ የተነሣ ኪሳቸውን ገለበጡት፤ ከወታደሮቹ አንዱ ሳቀ።

ወራት አለፉ። ጉዳዩ የሚሰማው በጥር፣ ቀበሌዎቹን በሚያስተዳድረው በከፍተኛው አዳራሽ፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ነው ተባለ። እኔ ጓድ ሲሳይ ዘንድ ሄጄ የጥራት ተቆጣጣሪ መሆኔን፣ ስኳር ማንም ሳይነካው ከአየር ውሃ እንደሚስብ በሙከራ ማሳየት እንደምችል ነገርሁት። ፊቱ ላይ ምንም አላነበብሁም። መልካም፣ አሳየን አለኝ። እየፈነጠዝሁ ወጣሁ። የሰው ሕይወት በእጄ የገባ መሰለኝ፤ በእርግጥም ገብቶ ነበር።

ለአቶ ደምሌ ስንቅ የሚያመላልሱት ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ ናቸው። አንድ እሑድ አብሬያቸው ወደ እስር ቤቱ ሄድሁና በአጥሩ በኩል ጥቂት ለመነጋገር ቻልን። ከስተዋል፣ ጺማቸው ነጭ ሆኗል። ያሰብሁትን ነገርኋቸው።

«አየነው፣ ወሩን አይተኸዋል?» አሉኝ። «አሁን እኮ አየሩ አጥንት ነው። ስኳሩ አይታዘዝህም። ከቻልህ ክረምት እስኪገባ አስቀጥርልኝ።»

ልክ ነበሩ። በበጋ የኛ አገር አየር ስኳርን ያደርቀዋል እንጂ አያርሰውም፤ አየሩ እርጥበት እስኪጠግብ ድረስ ስኳር ጠብታ አይስብም። ወደ ጓድ ሲሳይ ተመልሼ ቀጠሮ እንዲራዘም ለመንሁ። አብዮታዊ ፍትሕ ዝናብ አይጠብቅም አለኝ። እንግዲህ ምን ላድርግ ብዬ ስጨነቅ የኮሌጁ ቤተ ሙከራ ትዝ አለኝ። ክረምትን በመስታወት ውስጥ መሥራት ይቻላል። አቶ ደምሌን ሳላማክር፣ በዘዴዬ እየተደሰትሁ፣ ተዘጋጀሁ።

ያደረግሁት ይህ ነው። ከቀጠሮው አስቀድሜ አዳራሹ ውስጥ፣ ዘበኛ ባለበት ጠረጴዛ ላይ፣ በሁለት ሳህን እኩል ስኳር አስቀመጥሁ። አንዱን ክፍት ተውሁት። ሌላውን ከአንድ ስኒ ውሃ ጋር ጎን ለጎን አድርጌ ትልቅ የመስታወት ማሰሮ ደፋሁበት። ውሃው ከስኒው እየተነነ በማሰሮው ውስጥ ያለውን አየር ያረጥበዋል፣ ስኳሩም ከአየሩ ይስባል። ስኒውና ሳህኑ እንዳይነካኩ መሐላቸው ላይ እንጨት አጋደምሁ። ከዚህ የጠራ ማስረጃ የለም ብዬ አመንሁ።

የቀጠሮው ቀን አዳራሹ ሞላ። ብዙዎቹ የሰልፉ ሴቶች ናቸው። እትዬ ብርቄ ከፊት ወንበር ላይ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠዋል። አቶ ደምሌ በሁለት ወታደር መሐል ቆመዋል። ክፍቱን ሳህን ስገለብጠው ስኳሩ እንደ አሸዋ ፈሰሰ። ማሰሮውን አንሥቼ ሌላውን ሳጋድለው ሽሮፕ ሆኖ ተንጠባጠበ። ሕዝቡ አጉረመረመ። ስለ አየርና ስለ እርጥበት ማስረዳት ስጀምር ጓድ ሲሳይ እጁን አነሣ።

«ክፍት የተውኸው ለምን አልራሰም?»

«አሁን በጋ ስለሆነ አየሩ ደረቅ ነው፣ ጓድ። በነሐሴ ቢሆን...»

«የራሰውስ አጠገብ ምን አስቀመጥህ?»

«ውሃ። ግን አልተነካኩም፤ አየሩን ለማርጠብ ብቻ...»

«ውሃውን ባታስቀምጥ ይርስ ነበር?»

ላስረዳ ሞከርሁ። ጥያቄውን ደገመው። አይርስም ነበር አልሁ፤ ሌላ ምን እላለሁ። ጓድ ሲሳይ ወደ ሕዝቡ ዞረና ውሃ የሞላው የመጋዘኑ በርሜል የት እንደተገኘ ጠየቀ። ከሕዝቡ መሐል አንዷ በሩ አጠገብ ብላ መለሰች። ሌሎቹም ተቀበሏት። ያን ጊዜ ነው የሠራሁት የገባኝ። ሌባው ሚዛን የሚያስነሣበትን ዘዴ ሕዝብ ፊት፣ አንድ በአንድ፣ በገዛ እጄ አሳይቼ ጨረስሁ። ስለ በርሜሉ ክዳን ጮኽሁ፣ ስለ መስኮቱ ጮኽሁ፣ የሚሰማኝ ጠፋ።

አቶ ደምሌ የሚሉት እንዳላቸው ተጠየቁ። በእርግጥ ጉዳዩን ካዱ፤ ስኳር አልሰረቅሁም፣ ውሃም አልጨመርሁም አሉ። ጓድ ሲሳይ ግን በዚያ አላለፋቸውም። ወጣቱ ያሳየው ሙከራ ሐሰት ነው ወይ ብሎ ጠየቃቸው። አቶ ደምሌ ሳህኑን አዩት፣ ከዚያ እኔን አዩኝ። ሐሰት ነው ቢሉ እኔ በሐሰተኛ ምስክርነት እጠየቅ ነበር። ደግሞም ሐሰት አልነበረም፤ እሳቸው ደግሞ ስለ ስኳር ዋሽተው አያውቁም።

«ልክ ነው» አሉ። «ልጁ የሠራው ልክ ነው። ስኳር እንዲያ ነው የሚያደርገው።»

ሕዝቡ ይህን የሰማው ጥፋታቸውን እንዳመኑ ቆጥሮ ነው። እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሲወስዱ አየኋቸው።

በየካቲት ማለቂያ ስንቅ ይዘው የሄዱት እትዬ ብርቄ ከእንግዲህ ስንቅ አያስፈልገውም ተብለው ተመለሱ። ያ አነጋገር ምን ማለት እንደ ሆነ በዚያ ዘመን የማያውቅ አልነበረም። አስከሬን አልተሰጣቸውም። ለአሻጥረኛ ማልቀስ ክልክል ነው፤ እሳቸውም ለቅሶ አልተቀመጡም።

እኔን በሚያዝያ ወደ ደልጊ አዛወሩኝ። ከሐይቁ ማዶ፣ በጀልባ የሚደረስባት፣ ዓሣና እህል የሚበዛባት ከተማ ናት፤ አንዲት ትንሽ ማከፋፈያ ነበረችን። ሥራዬን በጥላቻ ነበር የምሠራው። ክረምት ሲገባ ግን አንድ ሐሳብ ያዘኝ። በነሐሴ ደረቅ ስኳር በጣሳ አሽጌ፣ ጀልባ ተሳፍሬ ባሕር ዳር ገባሁና ጓድ ሲሳይ ቢሮ ሄድሁ። በሳህን አፍስሼ፣ አንዲት ጠብታ ውሃ በሌለበት፣ መስኮቱ ላይ እንዲያስቀምጥልኝ ለመንሁት። ያስወጣኛል ብዬ ነበር፤ እሺ አለኝ። ሰንበትን አሳልፌ ስመለስ ስኳሩ ሳህኑ ላይ ሟሙቶ ተኝቷል፣ ውሃ ሆኗል። ጓድ ሲሳይ ተነሥቶ በሩን ዘጋው።

«እኔ የደልጊ ልጅ ነኝ» አለኝ። «እናቴ ክረምት ሲመጣ ጨውዋንም ስኳሯንም ከምድጃ በላይ ነበር የምትሰቅለው። ይህን ሳላውቅ ያደግሁ መሰለህ?»

ታዲያ ለምን ፈረዳችሁባቸው አልሁት።

«ሕዝቡ ሊነሣብን ነበር። ስኳር ልንሰጠው አልቻልንም፤ ሰው ሰጠነው።» ወደ መስኮቱ ዞር አለ። «ሳህንህን ይዘህ ሂድ፣ ጉንዳን ይሰበስብብኛል።»

እስከዚያ ቀን ድረስ አቶ ደምሌን ያጠፋኋቸው ሙከራውን አበላሽቼ ይመስለኝ ነበር። ሙከራዬ በነሐሴም በጥርም ቢሆን ምንም እንደማይለውጥ የገባኝ ያን ዕለት ነው። እፎይ አላልሁም። ተናደድሁ፤ እስከ ዛሬም እንደ ተናደድሁ ነኝ።

ከዚያ ወደ እትዬ ብርቄ ቤት ሄድሁ። ሐይቁ አጠገብ ባለች አሮጌ ቆርቆሮ ቤት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ሰው ሸሽተዋል። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ከሰልፉ ሴቶች አንዷን ካገኙ ቆም ብለው፣ እሱ ባጠፋው እኔን ይቅር በሉኝ ይላሉ አሉኝ ጎረቤቶች። ጆሮዬን አላመንሁም። የፈረደባቸው ጓድ ሲሳይ ንጹሕነታቸውን ያውቃል፣ ሚስታቸው ደግሞ ሌባ ነው ብለው አምነዋል። አቶ ደምሌ ምንም እንዳላጠፉ ስነግራቸው በደግነት አዩኝ።

«ልታጽናናኝ ነው፣ ልጄ። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፣ እሱም ልክ ነው ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እግዜር ይማረው።»

ከኩፖኔ የተረፈኝን ስኳር በሳህን አድርጌ መደርደሪያቸው ላይ አስቀመጥሁና ማንም እንዳይነካው ለምኛቸው ሄድሁ። ስመለስ ውሃ ሆኖ አገኘሁት። ይኸው አልኋቸው። ቀና ብለው ጣራውን አሳዩኝ፤ ቆርቆሮው ከብዙ ቦታ የተበሳ ነው። ቤታቸው እንደሚያፈስ እያወቅሁ ይህን ማምጣቴ ገርሟቸዋል።

የዚያን ዓመት በጋ ከደልጊ እየተመላለስሁ ቤቱን ከደንሁላቸው። አሮጌውን ቆርቆሮ አወረድሁ፣ ማገሩን አጠናከርሁ፣ ያገኘሁትን አዲስ ቆርቆሮ መታሁበት፣ ምስማር የበሳውን ሁሉ በሬንጅ ደፈንሁ። ለምን እንደምለፋ አልገባቸውም፤ እየመረቁ እህል ያቀርቡልኝ ነበር። ነሐሴ ሲመጣ ስኳር ይዤ ሄድሁ። ሳህኑን ራሳቸው መርጠው፣ ራሳቸው ደረቅ መሆኑን በጣታቸው ዳብሰው፣ በፈለጉት ቦታ አስቀመጡት። እንስራቸውን ወደ ውጭ አወጣሁ። ጣራው ጠብ አላለም።

ስመለስ እትዬ ብርቄ በርጩማ ላይ፣ ሳህኑን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ስኳሩ ፈስሷል። ጣራውን አዩ፣ ግድግዳውን በእጃቸው ዳሰሱ፣ እንደገና ሳህኑን አዩ።

«አየነው» አሉኝ፣ «ያኔ አዳራሹ ውስጥ ለምን እንዲህ አድርገህ አላሳየኸንም?»

«በጋ ነበር» አልኋቸው።

ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጡ። በማግሥቱ ጥቁር ለብሰው፣ ደጃፋቸው ላይ ሣርና ሰሌን አስነጥፈው፣ ጎረቤት ጠርተው ለቅሶ ተቀመጡ። ከቀበሌ ሁለት ሰዎች መጥተው ማን እንደ ሞተ ጠየቁ።

«ባሌ» አሉ እትዬ ብርቄ። «ንጹሕ ሰው ነበር። ዛሬ ነው የተረዳሁ።»